በእጅ የተሠራ ሠሌዳ፦ የ«ባለርስቱ ጨዋታ» ይዘትና ቅርጽ

በካርቶን ላይ በከሰል የተሠመረ የዳማ ሠሌዳና 24 ቆርኪ ሁለት ሰዎችን በዛፍ ጥላ ሥር ከቀትር እስከ ምሽት ለማቆየት ይበቃሉ። አንደኛው ቆርኪዎቹን ደፍቶ፣ ሌላው ገልብጦ ይደረድራል፤ የሁለቱ ጦር የሚለየው በዚህ ብቻ ነው። ሠሌዳውን ማን እንደ ሠራው የሚጠይቅ የለም። ሲቀደድ ሌላ ይሠመራል፤ ቆርኪ ሲጎድል ከመንገድ ይለቀማል። ለልጆችማ መሬቱ ራሱ ሠሌዳ ነው፤ ሰኞ ማክሰኞ በእንጨት ጫፍ ይሠመርበታል፣ ለገበጣ ጉድጓድ ይማስበታል።

የኪነ ጥበብ ሂስ ይህን ዓይነቱን ሥራ አይቶ እንዳላየ ሲያልፈው ኖሯል። ስለ ግጥም፣ ስለ ቴአትር፣ ስለ ሥዕልና ስለ ሙዚቃ ብዙ ተጽፏል፤ የሸክላና የስፌት ሥራ እንኳ በዐውደ ርእይ ይታያል። አንድ ሰው ከሥራ መልስ፣ ማታ መብራት ሥር ተቀምጦ፣ በመቀስና በሙጫ የሚሠራው የካርታ ወይም የሠሌዳ ጨዋታ ግን የልጅ ነገር ተብሎ ይታለፋል። ሆኖም ጨዋታም ድርሰት ነው። ደራሲው ደንብ ያወጣል፤ ደንቡ ግጭት ይፈጥራል፤ ግጭቱን እስከ ፍጻሜው የሚያደርሱት ግን ተጫዋቾቹ ናቸው። ከልቦለድ የሚለይበት ዐቢይ ነገር ቢኖር፣ ተደራሲው የታሪኩን መጨረሻ በገዛ እጁ መሥራቱ ነው። ጥያቄው የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። መጨረሻው በተጫዋቹ እጅ ከሆነ የደራሲው መልእክት ምን ዋስትና አለው? ጨዋታን ለማስተማሪያነት ሊጠቀሙበት ለሚያስቡ መምህራንና የባህል ሠራተኞች ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ጨዋታዎች የአንዱን አመጣጥ መመርመር ለመልሱ ይረዳል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤሊዛቤት ማጊ በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት በ1866 ተወለደች። አባቷ የጋዜጣ አሳታሚና የባርነት ሥርዓት ተቃዋሚ ነበር። እርሷ በስቴኖግራፊ ጸሐፊነት እየሠራች ትተዳደር ነበር፤ ከሥራ ውጭ ያለው ጊዜዋ ግን የራሷ ነበርና ግጥም ትጽፋለች፣ በመድረክ ትተውናለች፣ ለጽሕፈት መኪና የሚሆን መሣሪያ ፈልስፋ መብቱን አስመዝግባለች። ከሁሉ በላይ ልቧን የያዘው የሄንሪ ጆርጅ ትምህርት ነበር። ሄንሪ ጆርጅ በ1879 ባሳተመው «ዕድገትና ድህነት» በተባለው መጽሐፉ የመሬት ዋጋ የሚጨምረው በባለቤቱ ድካም ሳይሆን በዙሪያው በሚኖረውና በሚሠራው ሕዝብ ድካም በመሆኑ፣ ከመሬት የሚገኘው ኪራይ በአንድ ግብር አማካይነት ለሕዝብ መመለስ አለበት፤ ሌላው ግብር ሁሉ ሊቀር ይገባዋል ብሎ ያስተምር ነበር። ሲሶ አራሽና እኩል አራሽ የሚሉትን ቃላት ከአያቶቹ አፍ ለሰማ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የመሬት ኪራይ ምን እንደ ሆነ ማብራራት አያሻም። ለአሜሪካ የከተማ ነዋሪ ግን ነገሩ ረቂቅ ነበር። ማጊ ይህን ረቂቅ ነገር በገበታ ላይ ዘርግታ በእጅ የሚዳሰስ ልታደርገው ተነሣች።

«የባለርስቱ ጨዋታ» ብላ የሰየመችው ሥራ በጥር 5 ቀን 1904 ፓተንት የተባለውን የፈጠራ መብት ማረጋገጫ አገኘ። ሠሌዳው አራት ማዕዘን ነው። በጠርዙ ዙሪያ 40 ቤቶች ተደርድረዋል፤ በየማዕዘኑ አንድ፣ በማዕዘኖቹ መካከል ዘጠኝ ዘጠኝ። በእያንዳንዱ ጎን መካከል የባቡር ሐዲድ አለ። ሌሎቹ ቤቶች የሚሸጡና የሚከራዩ መሬቶች፣ እንደ ዳቦ፣ ልብስና መጠለያ ያሉ የግድ የሚከፈልባቸው ነገሮች ናቸው። ከማዕዘኖቹ አንዱ እስር ቤት ነው። ሌላው የአንድ የውጭ አገር መኰንን ይዞታ ስለሆነ የረገጠው ሁሉ በቀጥታ ወደ እስር ቤት ይሄዳል። ሦስተኛው የሕዝብ መናፈሻ ሲሆን፣ በዚያው ጥግ መክፈል ያቃተው የሚገባበት የድሆች ቤት ተሠርቷል። አራተኛው «እናት ምድር» ይባላል፤ ተጫዋቹ በእርሷ በኩል ባለፈ ቁጥር ስለ ድካሙ 100 ዶላር ደመወዝ ይቀበላል።

የሥራው ጥበብ በዚህ ዙር ውስጥ ይገኛል። ከማጊ በፊት በአሜሪካ የተለመዱት የሠሌዳ ጨዋታዎች በአብዛኛው ከመነሻ ወደ መድረሻ የሚያሯሩጡ ነበሩ፤ ተጫዋቹ እንደ መንገደኛ ጉዞውን ጀምሮ ይጨርሳል። በ«ባለርስቱ ጨዋታ» ግን መድረሻ የለም። ሰውየው ዞሮ ዞሮ ወደ እናት ምድር ይመለሳል፣ ደመወዙን ይቀበላል፣ በሚቀጥለው ዙር ያንኑ ደመወዝ ለባለመሬቱ እየከፈለ ያልፋል። ስብከት የለም፤ ማብራሪያ የለም። የሠሌዳው ቅርጽ ራሱ ይናገራል። ይዘትና ቅርጽ በዚህ መጠን የተዋሐዱበት ጨዋታ ብዙ አይገኝም። ብዙ ልቦለድም እንዲሁ።

ማጊ በዚህ ብቻ አልረካችም። ጨዋታው በሁለተኛ መንገድም እንዲካሄድ አሰበች፤ ተጫዋቾቹ ከተስማሙ የመሬቱ ኪራይ ለባለርስቱ መሆኑ ቀርቶ ወደ ሕዝብ ግምጃ ቤት እንዲገባ፣ ከዚያም ለሁሉ በሚጠቅም ነገር ላይ እንዲውል የሚያደርግ ደንብ ጨመረች። ሁለቱን መንገዶች ያወዳደረ ሰው ፍርዱን ራሱ ይሰጣል የሚል ተስፋ ነበራት።

ጨዋታው በ1906 በኒውዮርክ በአንድ አነስተኛ ድርጅት ታትሟል። ሕይወቱ የቀጠለው ግን በሱቅ አልነበረም። በዴላዌር ግዛት የሄንሪ ጆርጅ ተከታዮች በ1900 የመሠረቷት አርደን የተባለች መንደር ነበረች፤ መሥራቾቿም አንድ ቀራፂና አንድ አርክቴክት ነበሩ። በዚያች መንደር ሰዎች ሠሌዳውን በእጃቸው እየገለበጡ ይጫወቱ ጀመር። በመንደሩ ይኖር የነበረው የኢኮኖሚክስ መምህር ስኮት ኒሪንግ ወደ ፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ወሰደው፤ ከተማሪዎቹም ወደየቤታቸውና ወደየከተማቸው ተሠራጨ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ሠሌዳውን በሰም ጨርቅ ወይም በካርቶን ላይ ይሥለዋል፣ የራሱን ከተማ ጎዳናዎች ስም ይጽፍበታል፣ ያልወደደውን ደንብ ያስቀራል፣ የወደደውን ይጨምራል። ተረት ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ የሚሆነው ሁሉ በዚህ ጨዋታ ላይ ሆኗል። በአንድ ቀለም የተመደቡትን መሬቶች ጠቅልሎ የያዘ ሰው ኪራዩን የሚያንርበት ደንብ እንኳ የዳበረው በእነዚህ በማይታወቁ እጆች ነው። እየዋለ ሲያድር ሰዎች ጨዋታውን «ሞኖፖሊ» ብለው መጥራት ለመዱ።

በ1930 አካባቢ በአትላንቲክ ሲቲ የሚኖሩ የኩዌከር እምነት ተከታዮች፣ በመካከላቸው መምህራንም ነበሩ፣ የከተማቸውን ጎዳናዎች በሠሌዳው ላይ ጻፉ። ከዚህ ሠሌዳ ቅጂ አንዱ ፊላዴልፊያ ደረሰ፤ በዚያም ቻርልስ ዳሮው የተባለ ሥራ አጥ ሰው እጅ ገባ። ዳሮውም እንደ ሌሎቹ በሰም ጨርቅ ላይ ሣለው፣ ቀለም ቀባው፤ ከሠራቸው ሠሌዳዎች አንዱ ክብ ሲሆን ዛሬ በኒውዮርክ ግዛት፣ በሮቸስተር ከተማ በሚገኝ የጨዋታ ሙዚየም ይታያል። እስከዚህ ድረስ ሰውየው ከቀደሙት ገልባጮች በምንም አይለይም። የተለየው ፓርከር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ በ1935 ጨዋታውን ሲገዛው የራሱ ፈጠራ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ኩባንያው ዘግይቶ የማጊን መብት አስታወሰ። 500 ዶላር ከፍሎ ገዛት፤ ከሽያጩ ግን ድርሻ አልነበራትም። ዳሮው በጨዋታው ሚሊዮነር ሆነ። ማጊ በ1936 መጀመሪያ የቀድሞ ሠሌዳዎቿን ይዛ ለዋሽንግተን ጋዜጦች ቅሬታዋን አሰማች፤ በ1948 ስትሞት ግን የሚያውቃት ጥቂት ነበር።

እውነቱን ያጋለጠው፣ ነገሩ ያስቃል፣ ሌላ የሠሌዳ ጨዋታ ነው። ራልፍ አንስፓክ የተባለ በሳን ፍራንሲስኮ የሚያስተምር የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር በ1973 «ፀረ ሞኖፖሊ» የተሰኘ ጨዋታ አወጣ፤ በስሙ ምክንያት ከኩባንያው ጋር በፍርድ ቤት ተካሰሰ። ክሱ ወደ አሥር ዓመት ሲዘልቅ አንስፓክ የድሮ ተጫዋቾችን እያፈላለገ በእጅ የተሠሩትን ሠሌዳዎች ከየሰገነቱ አስወጣ። ከማስረጃዎቹ መካከል አንዲት ፊደል ነበረች። በአትላንቲክ ሲቲ አጠገብ ያለው መንደር ስሙ «ማርቨን» ሲሆን፣ ለዳሮው ጨዋታውን ያስተማረው ሰው ሠሌዳውን ሲገለብጥ ተሳስቶ «ማርቪን» ብሎ ጽፎ ነበር። ዳሮው ስሕተቱን እንዳለ ገለበጠው፤ ኩባንያውም እንዳለ አሳተመው፤ በአሜሪካ በሚሸጠው ሠሌዳ ላይ እስከ ዛሬ አለ። የብራና ጽሑፍ የሚመረምሩ ሊቃውንት አንዱ መጽሐፍ ከሌላው መገልበጡን የሚያውቁት በዚሁ ዘዴ ነው፤ የጋራ ስሕተት የጋራ ምንጭን ይመሰክራል።

ስለ ገንዘቡ ግፍ መናገር ቀላል ነው፤ ግፉም ግፍ ነው። ኪነ ጥበባዊው ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብዳል። ዳሮው ከመምጣቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው የማጊን ሁለተኛ ደንብ ትተውት ነበር። የሕዝብ ግምጃ ቤቱን ከሠሌዳቸው ላይ የሰረዙት ነጋዴዎች አይደሉም፤ በሳሎናቸው የተቀመጡ መምህራንና ተማሪዎች ናቸው። ለምን?

የመጀመሪያው ምክንያት የሁለተኛው ደንብ ድርቀት ነው። ኪራዩ ወደ ጋራ ግምጃ ቤት ሲገባ የሚጎዳ ሰው የለም፤ የሚጎዳ ሰው ከሌለ ደግሞ ትንፋሹን ውጦ ዳይ የሚጠብቅ የለም። ማጊ ግፍን ድራማ አድርጋ ስትሥለው ፍትሕን ግን የሒሳብ መዝገብ አድርጋ ተወችው። ይህ በብዙ ተውኔትም የሚታይ ድክመት ነው፤ ክፉው ገጸ ባሕርይ ሥጋና ደም ሲኖረው ደጉ የሚናገረው መፈክር ብቻ ይሆናል። ተመልካች ክፉውን እየጠላ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚኮርጀው ግን የክፉውን አነጋገር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጠለቅ ያለ ነው፣ ብዙም አልተስተዋለም። በ«ባለርስቱ ጨዋታ» ሁሉም ተጫዋች እኩል ገንዘብ ይዞ፣ ባዶ ሠሌዳ ላይ፣ ከአንድ መስመር ይነሣል። ሕይወት እንዲህ አይደለችም። ጭሰኛና ባለርስት ከአንድ መስመር ተነሥተው በዳይ ዕድል የተለያዩ ሰዎች አልነበሩም፤ አንዱ የተወለደው መሬቱ ከተከፋፈለ በኋላ ነው። ማጊ የጨዋታን ጥንታዊ ሕግ፣ ማለትም የመነሻን እኩልነት፣ ሳትመረምር ስለ ተቀበለች ሠሌዳዋ ሳታስበው የተቃራኒውን ትምህርት ማስተማር ጀመረ። ያሸነፈው በብልጠቱ ያሸነፈ ይመስላል፤ የተሸነፈው ስላልቻለበት ነው። በዚያ ላይ ቁጣው ሲበርድ ሠሌዳው ተጠርጎ ሁሉም እንደ ገና እኩል ይሆናል። የከሰረው ሰው «አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው» ይላል እንጂ «ደንቡ ይለወጥ» አይልም።

ቢሆንም ሥራው ከነስሕተቱ ታላቅ ነው። ያለ ስሟና ያለ ዓላማዋ የሄደው ጨዋታ እንኳ አንድ ነገር ይዞ ሄዷል፤ በየትም አገር የተጫወተው ልጅ ደመወዙ በኪራይ ሲያልቅበት የሚሰማውን አውቋል። በጨዋታው መካከል የሚነሣው ጠብ፣ ሠሌዳ እስከ መገልበጥ የሚያደርሰው፣ የማጊ ያልሞተ ድምፅ ነው ማለት ይቻላል።

ደንቡ ከሰው ሲወሰድ ምን ያህል ሊለወጥ እንደሚችል የሚያሳይ ሌላ በእጅ የተሠራ ሞኖፖሊ አለ። በ1943 ናዚዎች አይሁድን አስረው በያዙባት በቴሬዚን ጌቶ፣ ኦስቫልድ ፖክ የተባለ እስረኛ ሠሌዳውን ሣለው። በቤቶቹ ላይ የተጻፉት የሀብታም ጎዳናዎች ሳይሆኑ የዚያው ጌቶ ሰፈሮች፣ መጋዘንና እስር ቤት ነበሩ። ልጆች እየተጫወቱበት የታሰሩባትን ቦታ ይማሩ ነበር። መግዛትና መሸጥ በሌለበት ቦታ የመግዛትና የመሸጥ ጨዋታ! ሠሌዳው ዛሬ በኢየሩሳሌም በያድ ቫሼም ተቀምጧል። ሠዓሊው በ1944 ወደ አውሽቪትዝ ተወስዶ አልተመለሰም። በዚህ ሥራ ላይ ስለ ይዘትና ቅርጽ ረዥም ነገር መናገር አይገባም።

ወደ አገር ቤት ጨዋታዎች ሲመለሱ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በገበጣ ጠጠሩ ቀለም የለውም፤ የማንም አይደለም። አሁን በዚህ ወገን ያለው ጠጠር ከአንድ ዝርያ በኋላ በዚያ ወገን ነው፤ ተጫዋቹ የሚቆጥረው ሀብቱን ሳይሆን ሀብቱ የሚያልፍበትን መንገድ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት የገበጣ ደንብ ከቦታ ቦታ ምን ያህል እንደሚለያይ፣ ሁለት ረድፍ፣ ሦስት ረድፍና አራት ረድፍ ጉድጓድ ያላቸው ዓይነቶች መኖራቸውን ዘርዝረዋል። ይህ ሁሉ ያለ ፓተንትና ያለ ማተሚያ ቤት የኖረ ነው። ሰንጠረዥም በኢትዮጵያ የራሱን መልክ ይዞ ነበር፤ ሠሌዳው ጥቁርና ነጭ ሳይሆን መስመር የተሰፋበት ጨርቅ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ወረራ በሚባለው፣ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ሲገደል ብቻ ተራ ይጀመራል። ንጉሡን በኀይለኛው በደር ወይም በፈረስ መግደል እንደ ትልቅ ሙያ አይቆጠርም ነበር፤ በደካሞቹ መግደል ግን ያስመሰግናል። ደንብ ውበትን ሲደነግግ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ማሸነፍ ብቻ አይበቃም፤ እንዴት አሸነፍክ ተብሎ ይጠየቃል። ማጊ ያጣችው ይህ ነበር፤ የተወደሰ አሸናፊነትና ያልተወደሰ አሸናፊነት የሚለይበት ደንብ።

ዛሬ በትርፍ ጊዜው መቀስና ካርቶን ለሚያነሣ መምህር ምናልባት የበለጠ የሚቀርበው ሌላው የእጅ ሥራ፣ የአልፍሬድ በትስ ጨዋታ ነው። በትስ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራውን ያጣ የኒውዮርክ አርክቴክት ነበር። ጋዜጣ ዘርግቶ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ በእጁ ቆጠረ፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፊደል ብዙ ጠጠር ግን ጥቂት ነጥብ፣ እምብዛም የማይመጣው አንድ ጠጠር ግን ብዙ ነጥብ እንዲኖረው አደረገ። ሠሌዳውን በአርክቴክት መሣሪያው ሥሎ ለወዳጆቹ አደለ። አሳታሚዎች መለሱበት፤ «ስክራብል» በሚል ስም በሌላ ሰው አማካይነት ገበያ የወጣው በ1948 ነው። በእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥርን የምታመለክተውን የኤስ ፊደል ሆን ብሎ አራት ብቻ አድርጓታል፤ በየቃሉ ጫፍ እየተለጠፈች ጨዋታውን እንዳታቀልለው።

ይህን ጨዋታ በግዕዝ ፊደል እሠራለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው የሚገጥመው ችግር ግን በትስ ካሰበው ሁሉ ይለያል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ጠጠር ቢቆረጥ እንኳ የበትስን 100 ጠጠሮች ከእጥፍ በላይ ያልፋል፤ ተጫዋቹ በእጁ ባሉት ሰባት ጠጠሮች አንድ ቃል ለመሥራት ሲለፋ ይመሻል። በትስን ያሳሰበው የብዙ ቁጥር ምልክትም እዚህ ጠባዩ ሌላ ነው። «ቤት» የሚለውን «ቤቶች» ለማለት በጫፉ «ች»ን መለጠፍ አይበቃም፤ «ት» ራሷ «ቶ» መሆን አለባት፤ በሠሌዳው ላይ የተቀመጠ ጠጠር ደግሞ አይነሣም። አንዱ መውጫ ጠጠሩ ግዕዙን ብቻ እንዲይዝ፣ ተጫዋቹም ከሰባቱ ድምፅ የፈለገውን እንዲያነብለት መፍቀድ ነው። ያን ጊዜ «ተ» ከ«ት» ወደ «ቶ» በነፃ ይሸጋገራል፤ ግን በዚያው ጠጠር ላይ ወደ ታች የሚያቋርጠው ቃል ምን ይሆናል? ከግራ ወደ ቀኝ «ቶ»፣ ከላይ ወደ ታች «ት» ተብሎ ሊነበብ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? ከተፈቀደ ጨዋታው እጅግ ይቀልላል፤ ካልተፈቀደ ደግሞ መጀመሪያ የተጻፈው ቃል እንደ ገና ይታሰራል። ከዚህም ሌላ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በአንድ ጠጠር ይወከሉ ወይስ ይለያዩ የሚለው አለ፤ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ለዘመናት የተከራከሩበትን ጉዳይ ጨዋታ ሠሪው መቀሱን ከማንሣቱ በፊት በአንድ ምሽት መወሰን ግዴታው ነው፤ ወስኖም ደንቡን በወረቀት ጽፎ ከተማሪዎቹ ፊት ሲዘረጋው፣ ከፊት የተቀመጠችው ልጅ «ሠርግ በየትኛው ሠ ነው?» ብላ ትጠይቀዋለች።